የሥራ ተቋራጮች የብክለት ኃላፊነት መድን፦ ከግንባታ አጥር ውጭ ለሚደርስ ጉዳት

የብክለት ኃላፊነት መድን ሥራ ተቋራጭ በግንባታ ሥራው ምክንያት አፈርን፣ ውኃን ወይም አየርን በክሎ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ፣ የሚጠየቀውን ካሣና የጽዳት ወጪ በውሉ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ መድን ሰጪው የሚከፍልበት ውል ነው። ባለ መኪና ሁሉ ከሚያውቀው የሦስተኛ ወገን መድን ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ አረቦኑን የሚከፍለው አንዱ፣ ካሣው የሚደርሰው ግን በውሉ ውስጥ ስሙ ለሌለ ሰው ነው። ለኮንትራክተሩ ከኪሣራ መዳኛ፣ ለጎረቤት ደግሞ የሕግ መብቱ በገንዘብ እንዲደገፍ ማድረጊያ ነው።

የዚህ መድን ፋይዳ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በግልጽ ይታያል። ከጎፋና ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ ለቡ እና ሃና ማርያም ድረስ አዳዲስ ሕንፃዎች የሚነሡት ሰው በሚኖርባቸው ኮንዶሚኒየሞች፣ በፋብሪካዎችና በቆዩ መንደሮች መካከል ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዳርቻው ገበሬዎች በውኃው ጎመንና ሰላጣ ያለማሉ፤ ምርቱም ወደ ከተማው ገበያ ይገባል። ወንዙ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኝና ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ከከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጮች አንዱ የሆነው የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ መስክም በዚያው በደቡብ አቅጣጫ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ሳይት የፈሰሰ ናፍጣ በዚያው አጥር ውስጥ ይቀራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ግንባታ የሚያስከትለው ብክለት ብዙ መልክ አለው። ለጄነሬተርና ለኤክስካቫተር በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ይፈሳል፤ ሬንጅ፣ ቀለምና የቀለም ማቅጠኛ ወደ አፈር ይሰርጋሉ። ሚክሰር የታጠበበት ውኃ ተራ ጭቃ ቢመስልም ሲሚንቶው አልካላይና የሚያቃጥል ባሕርይ ስለሚሰጠው የፒኤች መጠኑ 12 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ቆዳን ያቆስላል፣ በወንዝ ያለን ሕይወት ያጠፋል። የመሠረት ቁፋሮ የፍሳሽ መስመር ሊሰብር ወይም ቀድሞ የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ሊነካ ይችላል። ድንጋይና አርማታ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ የሲሊካ ቅንጣት ስላለው በተደጋጋሚ የሚተነፍሰውን ሰው ሳንባ ይጎዳል። አስቤስቶስ ያለበት የቆየ ጣሪያ ወይም ቧንቧ ሲፈርስም አደገኛ ክሮች ወደ አየር ይለቀቃሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ በየሳይቱ የተከመረውን አፈርና ቅሪት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዙ ይወስደዋል።

ሕጉ የዚህን ጉዳት ዋጋ በበካዩ ላይ ይጥላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው የተበከለውን አካባቢ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ቅሬታ ለማቅረብም አቤቱታ አቅራቢው በራሱ ላይ ጉዳት መድረሱን ማሳየት አይጠበቅበትም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻዎችን ልማትና ብክለት የሚመለከት ደንብ አውጥቷል።

ከእነዚህ ቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተለይ ለኮንትራክተር የሚከብድ ድንጋጌ አለው። አንቀጽ 2069 ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ፣ ወይም ከልክ ያለፈ አደጋ ያለበትን የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። በዚህ ዓይነቱ ኃላፊነት «ጥፋት የለብኝም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ተጎጂውም ቢሆን ጊዜ ማባከን የለበትም፤ የካሣ ክስ በመደበኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል።

ብዙ ኮንትራክተሮች የተለመደው የግንባታ መድን ይህን ሁሉ ይሸፍንልናል ብለው ያምናሉ። ይህ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ» የሚባለው መድን ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በግንባታው በራሱና በሳይቱ ዕቃ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ይሸፍናል። ሁለተኛው ለሦስተኛ ወገን ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው በሳይቱ ወይም በቅርብ ዙሪያው በድንገት ስለሚደርስ ጉዳት ነው። በንዝረት ወይም የጎረቤት መሬት ድጋፍ በመዳከሙ የሚመጣ ጉዳት እንኳ በተለይ ካልተስማሙበት በስተቀር ከሽፋኑ ውጭ ነው። ለወራት ጠብ እያለ ጉድጓድ ውኃ የደረሰ ናፍጣማ ከዚህ ይርቃል፤ ብዙ ጊዜም ብክለትን በግልጽ የሚያስወጣ አንቀጽ በውሉ ላይ ይታከላል።

ይህ ማግለያ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በጠቅላላ ኃላፊነት ውሎቻቸው ላይ ድንገተኛ ያልሆነን ብክለት የሚያስቀር አንቀጽ ጨመሩ። በኒውዮርክ ግዛት ላቭ ካናል በተባለ መንደር ሥር የተቀበረ የኬሚካል ቆሻሻ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1978 አገር ካነጋገረ በኋላ፣ በ1980 በካዮችን ለጽዳት ወጪ የሚያስጠይቅ ሕግ ወጣ። የካሣው ጥያቄ እየከበደ ሲሄድ ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ብክለትን ፈጽሞ ከውሎቻቸው አስወጡ። የተከፈተውን ክፍተት ለመሙላት የኮንትራክተሮች የብክለት ኃላፊነት መድን ራሱን ችሎ ተፈጠረ።

ራሱን የቻለው ውል በአብዛኛው አራት ነገሮችን ይይዛል፦ በሦስተኛ ወገን አካልና ጤና ላይ የደረሰ ጉዳትን፣ የንብረት ጉዳትን፣ የጽዳት ወጪንና የፍርድ ቤት መከላከያ ወጪን። በስምምነት ቅሪትና አፈር ሲጓጓዝ የሚደርስ ብክለትና በንዑስ ተቋራጭ ሥራ የሚመጣ ኃላፊነትም ሊካተት ይችላል። ይህ የመጨረሻው ቸል ሊባል አይገባም፤ ቁፋሮውና ጭነቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በንዑስ ተቋራጭና በተከራየ ሲኖትራክ ነውና።

የማይሸፈነውም ግልጽ መሆን አለበት። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ብክለት፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የታወቀ ችግርና የመንግሥት መቀጮ በአብዛኛው ከሽፋን ውጭ ናቸው። ቆሻሻን በሌሊት ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ኮንትራክተር መድን አለኝ ብሎ ሊጽናና አይችልም። በመድን ማመልከቻ ላይ የሚያውቀውን አደጋ የደበቀም ውሉ ፈራሽ ሊሆንበት ይችላል።

ውሉ ሲፈረም ሦስት ነጥቦች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው የገንዘቡ ጣሪያ ለእያንዳንዱ አደጋ ነው ወይስ ለውሉ ዘመን በሙሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ኮንትራክተሩ ከራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ ነው። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ ውል አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ሌላው የካሣ ጥያቄው የቀረበበትን ቀን ይመለከታል። የከርሠ ምድር ውኃ ብክለት ሕንፃው ተመርቆ ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ሽፋኑ ከርክክብ በኋላ እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

አረቦኑ የሚወሰነው እንደ ሥጋቱ ነው። መድን ሰጪው የቁፋሮውን ጥልቀት፣ ሳይቱ ከወንዝና ከመኖሪያ ቤት ያለውን ርቀት፣ የነዳጁን አቀማመጥ፣ የቅሪቱን መድፊያና የኮንትራክተሩን የቀደመ ታሪክ ይጠይቃል። በዚህም መድኑ ገና አደጋ ሳይደርስ ይጠቅማል፤ ናፍጣውን ፈሳሽ በሚይዝ ገንዳ ላይ የሚያስቀምጥ፣ የሚክሰር እጥበቱን በጉድጓድ የሚያጠራቅምና አቧራውን በውኃ የሚያበርድ ድርጅት የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ ማስረጃ ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ የመድን ሥራ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥጋት አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊሸከመው ስለሚከብደው ከፊሉ በጠለፋ ዋስትና ወደ ሌላ መድን ሰጪ ይተላለፋል። ይህም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ኮንትራክተሩ ሽፋኑን ጨረታ ካሸነፈ በኋላ ሳይሆን ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ቢጠይቅ ይበጀዋል። አሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። በትላልቅ ሥራዎች የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የፊዲክ ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ኮንትራክተሩ በሳይቱም ከሳይቱ ውጭም አካባቢን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ አሠሪው ይህን ግዴታ በመድን እንዲደገፍ በጨረታ ሰነዱ ካልጻፈና ዋጋውን በሥራ ዝርዝሩ ካላካተተ ግን ጠንቃቃው ተወዳዳሪ በዋጋ ይሸነፋል። መድኑን የአሠሪ ውል ብቻ ሳይሆን ሕግም ሊያስገድድ ይችላል፤ ሕንድ ከቦፓሉ የጋዝ አደጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 አደገኛ ንጥረ ነገር የሚይዙ ድርጅቶች የሕዝብ ኃላፊነት መድን እንዲገቡ በሕግ አስገድዳለች፤ ተጎጂው የድርጅቱን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅበት አፋጣኝ እርዳታ እንዲያገኝ ለማድረግ ነው።

አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ምንጩን መዝጋት ነው። ከዚያም ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መንገር፣ ፎቶግራፍና የውኃ ናሙና መያዝ ይከተላል። ኮንትራክተሩ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ካሣ ለመክፈል ቃል ቢገባ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ጎረቤቶችም ቀኑን መመዝገብ፣ የሕክምና ማስረጃ መያዝና በሳይቱ ታፔላ ላይ የተጻፈውን የአሠሪ፣ የአማካሪና የተቋራጭ ስም መቅዳት ይገባቸዋል። ሕጉ ካሣ ይገባሃል ያለው ሰው ካሣውን በእጁ የሚያገኘው ከፋዩ አቅም ሲኖረው ነው፤ መድኑ ያን አቅም ከአደጋው በፊት ያዘጋጃል።