እኩልና አንድ፦ ተመሳሳይነት የተወለደባቸው ሁለት መንገዶች

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ «መሬቴን በእኩል ሰጠሁት» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። አንዱ መሬቱን፣ ሌላው በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፤ ጤፉ ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲሰፈር ግማሹ ለባለመሬቱ፣ ግማሹ ላራሹ ይሆናል። የዘሩንና የማዳበሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል ቀድመው ይነጋገሩበታል። ክፍፍሉ ግን በስሙ ተነግሮ አልቋል።

ቃሉ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል። «እኩል» ግማሽ ነው፤ እኩሌታ የምንለው ከዚሁ ነው። እኩለ ሌሊትም ሌሊቱ ለሁለት የሚከፈልበት ሰዓት ነው (አያያዙ የግዕዝ ነው፤ «ፍኖተ ሰላም» የሚለው የከተማይቱ ስምም በዚሁ ስልት ተሠርቷል)። «እኩል» ደግሞ የማይበላለጥ ማለት ነው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ናቸው ስንል ግማሽ ናቸው ማለታችን አይደለም። ሁለቱን ትርጉሞች ያጋባቸው ክፍፍል ይመስለኛል። ግማሽ ብቻውን አይገኝም፤ ምንጊዜም የሚተካከለው ሌላ ግማሽ አለ። ሲሶ እንዲህ አይደለም፤ ሲሶ ተቀብሎ የሄደ ሰው ሁለት እጁን ለሌላው ትቶ ነው። ስለዚህ ከድርሻ ስሞች ሁሉ ወደ «ተመሳሳይ» የሚያሻግር መንገድ ያለው ግማሽ ነው።

እነዚህ ስሞች ትልቅ የታሪክ ሸክም ተሸክመዋል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛ የሚጠራው በሚያካፍለው መጠን ነበር፤ እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ ይባል ነበር። ጎጃም በአብዛኛው የርስት አገር ስለነበር ጭሰኝነቱ እንደ ደቡቡ አልከበደም። አዋጁ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የእኩል እርሻ ግን በሬ ያጣውንና መሬት ያነሰውን እያገናኘ እስከ ዛሬ አለ።

በሌላ መንገድ የመጣችውን ቃል ደግሞ እንይ። «ሴም» (same)፣ ማለትም «ያው»፣ «ተመሳሳይ»፣ የእንግሊዝኛ ጀማሪ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት ቃል ናት፤ ለእንግሊዝኛ ግን መጤ ናት። የጥንት እንግሊዞች ለዚሁ ጉዳይ «ኢልካ» ይሉ ነበር። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየመጡ መጀመሪያ ዘረፉ፣ ኋላም በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ ሰፍረው ማረስ ጀመሩ። ጎረቤት ሆነው፣ ተጋብተው፣ ቋንቋቸው ከአገሬው ቋንቋ ጋር ተደባለቀ። «ሴም» ከእነሱ አፍ የተወረሰች ናት፤ «እነሱ» የሚለው የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም እንኳ ከዚያው የመጣ ነው። ከ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ በጽሑፍ እየበዛች ሄደች። «ኢልካ» ተገፍቶ በቀድሞ ትርጉሙ ዛሬ በስኮትላንድ ጥቂት አባባሎች ውስጥ ቀርቷል።

ሥሯ ግን ከቫይኪንጎች እጅግ ይርቃል። የቋንቋ ሊቃውንት ከህንድ እስከ አውሮፓ ያሉትን ዘመዳሞች ቋንቋዎች አመሳክረው «ሴም» የሚል ጥንታዊ ሥር አግኝተዋል፤ ትርጉሙም «አንድ» እና «አብሮ» ነው። ከዚህ ሥር የሳንስክሪቱ «ሳማ» እና የላቲኑ «ሲሚሊስ» ወጡ። ግሪክኛ በቃል መጀመሪያ የነበረውን «ስ» ወደ «ህ» ስለለወጠው በእሱ ዘንድ «ሆሞስ» ሆነ። ሦስቱም ተመሳሳይነትን ይናገራሉ። ከዚያው ሥር ላቲን «ሴሜል» ብሎ «አንዴ»ን፣ እንግሊዝኛ «ሰም» ብሎ «አንዳንድ»ን አወጣ።

አሁን አማርኛችንን እናስተያየው። «የልጆቹ ትምህርት ቤት አንድ ነው» ስንል ያው ትምህርት ቤት ነው ማለታችን ነው። «አንዴ» ከአንድ ነው፤ «አንዳንድ» አንድን ደግሞ በመጥራት የተሠራ ነው፤ አብሮ መሆንን «ባንድነት» እንላለን። አማርኛ ከእነዚያ ቋንቋዎች ይህን አልወረሰም፤ አልተዋሰምም። የእኛው «አንድ» የግዕዙ «አሐዱ»፣ የዕብራይስጡ «ኤሓድ» እና የዓረብኛው «አሐድ» ዘመድ ነው። ሆኖም ሁለቱ የቋንቋ ቤተሰቦች ተራርቀው ሳሉ ከአንድ ቁጥር ተነሥተው «ያው»፣ «አብሮ»፣ «አንዴ»፣ «አንዳንድ» ወደሚሉ ትርጉሞች ደረሱ። ኦሮምኛም «ቶኮ» ካለው አንድ «ቶኩማ» ብሎ ያውነትን ይናገራል። ምክንያቱ ከቆጠራ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ ጠዋትና ማታ ያየሁትን በሬ ሁለት ብዬ ካልቆጠርኩት ያው በሬ ነው ብያለሁ።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚበልጥበት ነገር አለ። ቡሬ ገበያ ላይ «ያው ወይፈን ነው» እና «ያንን የመሰለ ወይፈን ነው» ቢባል ገዢው ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል፤ አንደኛው ባለፈው ሳምንት የታየው ራሱ ነው፣ ሁለተኛው ሌላ ነው። «ሴም» ለሁለቱም ታገለግላለች፤ የትኛው እንደተፈለገ የሚለየው ከንግግሩ ነው። ፈላስፎች በዚህ ልዩነት ብዙ ጽፈዋል፤ ጀርመንኛም እንደ እኛ በሁለት ቃል ይለየዋል።

«መሰለ» ደግሞ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ምስል፣ ምሳሌ፣ ይመስላል የሚሉት ሁሉ የእሱ ናቸው። በዓረብኛ «ማሠል» በጥርስና በምላስ ጫፍ መካከል በሚወጣ ድምፅ ይነገራል፤ በዕብራይስጥ «ማሻል»፣ በአራማይክ «ማትላ» ነው። የመካከለኛው ድምፅ መለያየቱ የዘፈቀደ አይደለም። በሬ ማለት የሆነው የግዕዙ «ሶር» በዕብራይስጥ «ሾር»፣ በአራማይክ «ቶራ» ሲሆን በዓረብኛ ያው የምላስ ጫፍ ድምፅ ይመለሳል። በየቃሉ እንዲህ የሚደጋገም ሥርዓት ሲገኝ ቃላቱ ከአንድ ምንጭ መውረዳቸው ይታወቃል። በድምፅ መቀራረብ ብቻ ዝምድና መፍረድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

የዚህ ሥር እጅግ ጥንታዊ ጽሑፋዊ ማስረጃ በአካድኛ ይገኛል። አካድኛ በባቢሎን ይነገር የነበረ፣ በሸክላ ጽላት የተጻፈ የሴማውያን ቋንቋ ነው። በእሱ «ማሻሉ» መምሰል፣ መተካከል ነው፤ «ሚሽሉ» ደግሞ ግማሽ ነው። እኩል በአማርኛ የያዛቸውን ሁለት ትርጉሞች ባቢሎኖች በመሰለ ሥር ይዘዋቸው ነበር ማለት ነው። ቃሉም በእርሻ ውል ውስጥ ይገኛል። ከ1792 እስከ 1750 ከክርስቶስ ልደት በፊት የገዛው ሐሙራቢ ሕጉን በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ ዛሬ ድንጋዩ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ቆሟል። በ46ኛው አንቀጽ መሬት «አና ሚሽላኒ» ወይም «አና ሻሉሽ»፣ ማለትም በእኩል ወይም በሲሶ ስለመስጠት ይናገራል። የአካድኛው «ሻሉሽ» ከግዕዙ «ሠለስቱ»፣ ከእኛ ሦስትና ሲሶ ጋር ዘመድ ነው። ከሁለቱ የውል ስሞች አንዱ በጎጃም አውድማ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ የሌላውን ሥራ «እኩል» ተረክቦታል፣ የ«ሚሽሉ»ም ዘመድ በምሳሌ ውስጥ ይኖራል።

ሕጉ የደነገገውን ማንም የሚያርስ ሰው ይረዳዋል። ባለመሬቱ ኪራዩን አስቀድሞ ተቀብሎ ጎርፍ ወይም ማዕበል ማሳውን ቢያጠፋው ጉዳቱ ያራሹ ነው። ውሉ በእኩል ወይም በሲሶ ከሆነ ግን በማሳው ላይ የተገኘውን እህል ሁለቱ በተስማሙት ድርሻ ይካፈሉታል፤ የጎርፉም ጉዳት ለሁለቱም ይደርሳል።