«እሳቸውን የመሰለ ሰው እንዴት ይታለላል?»

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የሚኖሩ አንድ የተከበሩ ጎረቤት አሉን። መገናኛ አጠገብ የሕንፃ መሣሪያዎች መደብር አላቸው፤ የሠፈሩ እድር ገንዘብ ሲጎድልበት በመጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀን ሠራተኛ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ወደ መደብራቸው መጥተው፣ እንጦጦ ዳገት ላይ የቤት መሠረት ሲቆፍሩ በቆዳ የተጠቀለለ ጥፍጥፍ ወርቅ እንዳገኙ በሹክሹክታ ነገሯቸው። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ሥፍራ ብዙም ስለማይርቅ የዚያ ዘመን ወርቅ ሳይሆን አይቀርም አሏቸው። ወደ ወርቅ ቤት ወስደው ለመሸጥ እንደፈሩም አከሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ነዎት ተብለን ነው የመጣነው» ማለታቸውን ጎረቤታችን እስከ ዛሬ አይረሱም።

ሰውየው እንዲሁ በየዋህነት አላመኑም። ከወርቁ ጫፍ ላይ ተቆርጣ የተሰጠቻቸውን ቁራጭ ይዘው ፒያሳ ወርደው አስፈተሹ። ቁራጯ እውነተኛ ወርቅ ሆና ተገኘች። በዋጋው ላይ ለሦስት ቀን ተከራከሩ፣ አስቀነሱም። ገንዘቡ ተከፍሎ ሰዎቹ ከተሰወሩ በኋላ በእጃቸው የቀረው በወርቅ ቀለም የተለበጠ ብረት ነበር።

ወሬው ሲሰማ ሠፈሩ በአንድ ድምፅ «እሳቸውን የመሰለ ሰው እንዴት ይታለላል?» አለ። እሳቸውም «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ነው» ሲሉ መለሱ። እነዚህ ሁለት ንግግሮች በከተማችን እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር የሚደጋገሙ ስለሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በሳይንስ ዓይን ልንመለከታቸው ወደድን።

ሀብት የአእምሮ ምስክር ይሆናልን?

የመጀመሪያው ንግግር በውስጡ አንድ ያልተነገረ እምነት ይዟል፤ ሀብታምና ታዋቂ የሆነ ሰው ብልህ መሆን አለበት፣ ብልህ የሆነም አይታለልም የሚል። ሰንሰለቱ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ ሁለቱም ልል ናቸው።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጄይ ዛጎርስኪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ7400 በላይ የሚሆኑ ሰዎች በማሰብ ችሎታ ፈተና ያገኙትን ውጤት ከገቢያቸውና ካካበቱት ሀብት ጋር አነጻጽረዋል። በፈተናው ከፍ ያለ ውጤት ያመጡት በአማካይ የተሻለ ዓመታዊ ገቢ እንዳላቸው ታይቷል። ወደ ተከማቸ ሀብት ሲመጣ ግን፣ ሌሎች ሁኔታዎች እኩል ሲደረጉ፣ ግንኙነቱ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለወታደራዊ አገልግሎት ሲመዘገቡ የተፈተኑ 59,000 ያህል ስዊድናውያን ወንዶችን ተከትሏል። ደመወዝ ሲያድግ የፈተናው ውጤትም አብሮ ያድጋል፤ ከአንድ ከፍተኛ ደረጃ በኋላ ግን ዕድገቱ ይቆማል፣ እንዲያውም በደመወዝ ከሁሉ በላይ ያሉት 1 በመቶ ከእነርሱ ቀጥለው ካሉት በጥቂቱ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ርቀት የሚያስኬደው ዕድል፣ ውርስ፣ ትውውቅና ድፍረት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ሁለተኛው ቀለበት ይበልጥ ይገርማል። ኢሳቅ ኒውተን እ.ኤ.አ. ከ1696 ጀምሮ በእንግሊዝ የመንግሥት ገንዘብ ማምረቻ ውስጥ በኃላፊነት ያገለገለ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩትን እያሳደደ ለስቅላት ያበቃ ሰው ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1720 የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ሲያሻቅብ ድርሻውን በትርፍ ሸጠ፤ ሌሎች ከእርሱ በኋላ ሲከብሩ ባየ ጊዜ ግን አላስችል ብሎት ጣራ በነካ ዋጋ መልሶ ገዛ። ኩባንያው ሲወድቅ የደረሰበት ኪሳራ እስከ 20,000 ፓውንድ ይገመታል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስቲቨን ግሪንስፓን ደግሞ ስለ ሰው ልጅ ተታላይነት የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ ታትሞ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከጡረታ ቁጠባቸው ሲሶ ያህሉ በበርናርድ ማዶፍ ማጭበርበሪያ ውስጥ እንደጠፋ ተረዱ። ገንዘቡን ለምን እንዳመኑ ራሳቸው በአደባባይ ጽፈዋል፤ ክብራቸውን ጠብቀው ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበርና ሊመሰገኑ ይገባል።

ካናዳዊው ተመራማሪ ኪት ስታኖቪችና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ጉዳዮች የሚያበራ ሐሳብ አላቸው። እንደ እርሳቸው አባባል በፈተና የሚለካው የማሰብ ችሎታ ሞተር ነው፤ ሞተሩን መቼ ማስነሣት እንደሚገባ የሚያውቀው ግን ሌላ ባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የሌላውን ሰው የአስተሳሰብ ስሕተት በቀላሉ ሲያዩ የራሳቸውን አለማየታቸው በማሰብ ችሎታ ከፍታ እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም ጥቂት እንደሚብስ አሳይተዋል። በትምህርቱ አንደኛ የሚወጣ አንባቢያችን ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቢያነበው አንጠላም።

ናሙናውን የሰጠው ማን ነው?

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ሰውየው አንድ ሳይንቲስት የሚያደርገውን አድርገዋል፤ ናሙና ወስደው አስፈትሸዋል። ስሕተታቸው ከፈተናው በፊት ነው፤ ናሙናውን የመረጡት እሳቸው ሳይሆኑ ሻጮቹ ነበሩ። በማንኛውም ቤተ ሙከራ የናሙና አወሳሰድ ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ምንም ያህል ቢረቅ ዋጋ የለውም። አታላይ ሰውን እንዳይመረምር አይከለክልም፤ የሚመረመረውን ክፍል ራሱ ይመርጥለታል። በዚህም ላይ «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» እንዲሉ፣ ጎረቤታችን ከሁለት ያልተማሩ ሠራተኞች ወርቅ በርካሽ እየገዙ ስለመሰላቸው ሐሳባቸው ያረፈው በዋጋው ላይ ነበር። ብልጠታቸው ራሱ ማጥመጃ ሆነባቸው።

ይኸው እንጦጦ በታላቁ የታሪክ መዝገብም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት ሊገናኙ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፍተው ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የተገኘው መልስ ጉዳዩን ይፋ አወጣው። በብልሃታቸው ወዳጅም ጠላትም የመሰከረላቸው ንጉሥ ማንበብ የሚችሉትን ቅጂ አገላብጠው አይተዋል፤ የተንኮሉ ቦታ ግን በሌላው ቅጂ ውስጥ ነበር። ውሉን በ1885 ዓ.ም. ሰረዙት፤ ቀጥሎ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የእኛን ሙያ የሚነካው በመጋቢት ወር 2000 ዓ.ም. የተሰማው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ በመገኘቱ ተመለሰ። ወደ ጅቡቲ በኮንትሮባንድ ሊወጣ ሲል ተይዞ ለዓመታት በባንኩ ካዝና የተቀመጠ ሌላ ወርቅም እንዲሁ ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀ። በወቅቱ ከተያዙት መካከል አቅራቢ ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የወርቁን እውነተኛነት መርምረው ማረጋገጥ ተግባራቸው የነበረ የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ኬሚስቶች ይገኙበት ነበር። ባንኩ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ሞኞች ናቸው የሚል የለም። ነገር ግን አንድ የማረጋገጫ ወረቀት ከተጻፈ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ወረቀቱን እንጂ ወርቁን አልተመለከተም።

ያሳዝናል የምንለው ፈተናው ከ2,200 ዓመታት በፊት ከአርኪሜድስ ጀምሮ የታወቀ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም የሚሠራው በመሆኑ ነው። የወርቅ እፍጋት በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ሲሆን የብረት 7.9 ያህል ነው። አንድ ኪሎ ወርቅ ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ቢገባ የሚያፈሰው 52 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ብረት ግን ወደ 127 ሚሊ ሊትር ያፈሳል። ልዩነቱ የሻይ ብርጭቆ በያዘ ሰው ዓይን የሚታይ ነው። (እርግጥ ነው፣ ተንግስተን የተባለው ብረታ ብረት እፍጋቱ ከወርቅ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፤ በእርሱ የተሠራ ሐሰተኛ ወርቅ በውኃ አይለይም፣ የድምፅ ሞገድ ምርመራን ይጠይቃል። የእኛ አታላዮች ግን እስከዚያ አልደከሙም።)

ታዲያ ይህን ቀላል ሥራ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ሀብትና ዝና የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ቴራኖስ የተባለው ኩባንያ ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ ሲል፣ በቦርዱ ውስጥ እንደ ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልዝ ያሉ የቀድሞ ሚኒስትሮች ተቀምጠው ነበር፤ ዕውቅ ከበርቴዎችም በየግላቸው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱበት። አንዱ ታዋቂ ሌላውን ታዋቂ አይቶ አመነ፤ ማሽኑን ግን የፈተሸ አልነበረም። ነገሩ እንደማይሠራ ካጋለጡት አንዱ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ በቤተ ሙከራው የጥራት ቁጥጥር ውጤቶችን ያየ ወጣት ሠራተኛ ነው፤ እርሱም የጆርጅ ሹልዝ የልጅ ልጅ ታይለር ሹልዝ ነበር። አያቱ በመጀመሪያ አላመኑትም። ወጣቱ ከአያቱ ይልቅ ብልህ ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ቁጥሩን ያየው ግን እርሱ ነበር። የኩባንያው መሥራች ኤልዛቤት ሆምስ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላለች።

«አፍዝ አደንግዝ»

አሁን ወደ ሁለተኛው ንግግር እንመጣለን። ሰውን የሚያደነዝዝ ነገር የለም አንልም። በየጓሮው የሚበቅለው አስተናግር እንኳ ስኮፖላሚንና አትሮፒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ነገር ግን በእነዚህ የተመረዘ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይቃዣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ፒያሳ ወርዶ ወርቅ ሊያስፈትሽ፣ ዋጋ ሊያስቀንስ፣ ባንክ ሄዶ በቀድሞ ፊርማው ገንዘብ ሊያወጣ አይችልም። በእጅ ሰላምታ ወይም በወረቀት ሽታ ብቻ ሰውን ለሦስት ቀን ታዛዥ የሚያደርግ ንጥረ ነገርም ሳይንስ አያውቅም።

ታዲያ ቃሉ ለምን አስፈለገ? እንደሚመስለን መልሱ በመጀመሪያው ንግግር ውስጥ ነው። ኅብረተሰቡ የተታለለ ሁሉ ሞኝ ነው ብሎ ስለፈረደ፣ አስተዋይ ተብሎ የኖረ ሰው ክብሩን የሚያተርፍበት ሌላ በር የለውም፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ደነዘዝኩ ይላል። በሁለቱም መንገድ ስልቱ ሳይነገር ይቀራል፤ አታላዩም እንጦጦ የጨረሰውን ተረት ኮተቤ ላይ እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ተማሪ አንባቢያችን ይህ ወርቅ ለሚገዙ ሰዎች የተጻፈ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ። በኢንተርኔት የሚመጣው የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ደብዳቤ፣ «የማስፈጸሚያ» ጥቂት ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት፣ ለማረጋገጥ የሚደወልበትን ስልክ ቁጥር አብሮ ይልካል። ቁጥሩ የዚያች የወርቅ ቁራጭ ወንድም ነው። የተባለውን ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ራሱ ፈልጎ የጠየቀ ተማሪ ግን ናሙናውን በራሱ እጅ ቆረጠ ማለት ነው። ሰው በማምጣት ትርፍ ይገኝባቸዋል በሚባሉ ማኅበሮችም እንዲሁ ነው፤ ቀድመው የገቡት በእርግጥ ይከፈላቸዋል፣ ለማሳያነት የሚቀርቡትም እነርሱ ናቸው።

ጎረቤታችን ለፖሊስ ያመለከቱት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም ነበር። አንድ እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ የዕለቱ አጀንዳ ካበቃ በኋላ፣ ተነሥተው የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘረዘሩ፤ ቁራጯን፣ ክርክሩን፣ ሦስቱን ቀን። አፍዝ አደንግዝ የሚለውን ቃል አላነሡም። ድንኳኑ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያም ከወደ ኋላ የተቀመጡ አንድ የጡረታ መምህር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የእኔዎቹም በቆዳ ነበር የጠቀለሉት» አሉ።