ስለ ቀደምት ባለድምፅ ፊልሞች ስያሜ

የሲኒማን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከ1926 እስከ 1931 ወዳለው ዘመን ሲደርስ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቃል እጥረት ያጋጥመዋል። በተለምዶ የምንሠራባቸው ስያሜዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ድምፅ አልባ ፊልም» እና «ድምፅ ያለው ፊልም»። የዚያ ዘመን ፊልሞች ግን በእነዚህ በሁለቱ ተከፍለው የሚያልቁ አይደሉም። ሙዚቃው የሚሰማ፣ የተዋንያኑ ንግግር ግን የማይሰማ ፊልም አለ፤ አብዛኛውን በጽሑፍ፣ ጥቂቱን በአንደበት የሚያስረዳ ፊልም አለ፤ ተዋናይቱ አፏን ስታንቀሳቅስ ሌላ ሴት የምትናገርበት ፊልምም አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል የሚጠቀልል ትርጉም ለጆሮ ባይከብድም አንባቢውን ያሳስታል። ስለዚህ ፊልሞቹ ራሳቸው ምን ዓይነት እንደ ነበሩ እየተመለከትን የትኛው ቃል ለየትኛው እንደሚስማማ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ «ድምፅ አልባ» የሚለውን እንመልከት። ድምፅ ያልተቀረጸበት ፊልም ብቻ በነበረበት ዘመን ፊልም ፊልም ነበር፤ ቅጽል አላስፈለገውም። ቅጽሉ የተስፋፋው ተቀናቃኙ ከመጣ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው አሰያየም ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም። የፈረንጅ ዶሮ ወደ አገራችን ከመግባቷ በፊት «የሐበሻ ዶሮ» የሚባል አልነበረም፤ ዶሮ ዶሮ ነበረች። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣም የቀድሞው ስልክ «የቤት ስልክ» ተባለ። ይህን ዓይነቱን ስያሜ «ድኅረ ስያሜ» ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። የድኅረ ስያሜ ጠባይ አሮጌውን ነገር በነበረው ሳይሆን ባልነበረው መጥራት ስለሆነ፣ የዘመኑ ሰው ከቶ ያልተሰማውን ጉድለት በዘመኑ ላይ ይጭናል።

በእርግጥም የሲኒማ አዳራሹ ጸጥ ያለ አልነበረም። በትንንሾቹ አዳራሾች ፒያኖ፣ በታላላቆቹ ከተሞች ሙሉ ኦርኬስትራ ፊልሙን ያጅብ ነበር። በጃፓን ደግሞ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከሸራው አጠገብ ሆኖ የወንዱንም የሴቱንም ንግግር ድምፁን እየለዋወጠ ያሰማ ስለ ነበር፣ ስመ ጥሩ ቤንሺ ከተዋንያኑ ባላነሰ ተመልካች ይስብ ነበር። እንግዲህ ድምፅ ያልነበረው ፊልሙ እንጂ ትርዒቱ አይደለም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልዩነት ከፍቺው ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል፤ «ድምፅ አልባ ፊልም፦ ከምስሉ ጋር አብሮ የሚሄድ የተቀረጸ ድምፅ የሌለው ፊልም» ቢባል ይበቃል። «በጸጥታ የሚታይ ፊልም» የሚል ፍቺ ግን ስሕተት ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ነገር ከሌላ ወገን ያዩታል። እንግሊዝኛ «ሳይለንት»፣ ዐረብኛም «ሳሚት» ሲሉ ዝምታን ይገልጻሉ። የፈረንሳይኛው «ሙዌ»፣ የጣሊያንኛው «ሙቶ»፣ የጀርመንኛው «ሽቱም»፣ የሩሲያኛው «ኔሞይ» ግን ዲዳነትን ነው የሚያመለክቱት። ዝም ያለ ሰው መናገር እየቻለ የተወ ነው፤ ዲዳ የተባለው ግን አንደበት አልታደለም። ለነገሩ ከሁለቱ የሚቀርበው ዲዳነት ነው፤ የፊልሙ ሰዎች ዝም አላሉም፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ያሉትንም በጽሑፍ እናነባለን። ይሁን እንጂ ቃሉ በአማርኛ ሰውን ለማቃለል ሲነገር የኖረ በመሆኑ «ዲዳ ፊልም» እንዲባል አንመክርም። (መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሌላው ተመልካች ጋር በእኩልነት ሲኒማ ያዩበት ዘመን ያ እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም። ጽሑፉ ወጥቶ ንግግር በቦታው ሲተካ የተገለሉት እነርሱ ናቸው።)

ዋናው ችግር ያለው ግን «ድምፅ» በሚለው በራሱ ቃል ላይ ነው። በግእዝ የሰው ድምፅ «ቃል» ሊባል ይችላል፤ «ቃለ ዐዋዲ» የዐዋጅ ነጋሪው ድምፅ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። አማርኛ «ቃል»ን ለንግግር ቅንጣትና ለተስፋ መስጫ ካዋለው በኋላ፣ የሰውንም የነጎድጓድንም የበርንም፣ ለዕጩ ተወዳዳሪ የሚሰጠውንም ሳይቀር ለ«ድምፅ» አሸከመው። ስለሆነም «ድምፅ ያለው ፊልም» ሲባል የሚሰማው የሰው ንግግር ይሁን የቫዮሊን ዜማ አይታወቅም። ፈረንሳይኛ ግን ገና ከመነሻው «ሶኖር» እና «ፓርላን» ብሎ ለየ፤ የመጀመሪያው ድምፅ የሚሰማበት፣ ሁለተኛው ሰው የሚናገርበት ማለት ነው። ልዩነቱ አስፈላጊ መሆኑን የሚያሳየን የፊልሞቹ የመውጫ ቅደም ተከተል ነው።

ሊ ደ ፎረስት በፊልሙ ጠርዝ ላይ ድምፅ የተቀረጸባቸውን አጫጭር ፊልሞች በ1923 በኒው ዮርክ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ብዙ የተወራለት ግን ዋርነር ብራዘርስ በነሐሴ 1926 ያወጣው «ዶን ሁዋን» ነው። አዘጋጁ አለን ክሮስላንድ ሲሆን፣ ፊልሙ በሸክላ የተቀረጸ ሙዚቃና የሰይፍ ፍጭትን የመሰለ ልዩ ልዩ ድምፅ ነበረው፤ የተነገረ ቃል ግን አንድም አይሰማበትም። በመስከረም 1927 የታየው የሙርናው «ሰንራይዝ»ም እንዲሁ ነው፤ ሙዚቃው በፊልሙ ላይ የተቀረጸ ሲሆን ተዋንያኑ በድምፅ አይናገሩም። ከእርሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 6 ቀን 1927፣ «የጃዝ ዘፋኙ» ለእይታ በቃ። ብዙ መጻሕፍት «የመጀመሪያው ተናጋሪ ፊልም» የሚሉት ይህንን ነው፤ እንደዚህ ብሎ መተርጎም ግን ከእውነቱ ያርቃል። አል ጆልሰን የሚዘፍንባቸው ክፍሎች ድምፃቸው ይሰማል፤ በዘፈኖቹ መሐል የሚናገረው ሁሉ ቢደመር ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ የቀረው የምኩራብ ዘማሪው ቤተሰብ ታሪክ እንደ ድሮው በጽሑፍ ይነበባል። ከዳር እስከ ዳር ንግግር የሚሰማበት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የወጣው በ1928 ነው፤ እርሱም በብራያን ፎይ የተዘጋጀው «የኒው ዮርክ መብራቶች» ነው። በሥነ ጥበብነቱ የሚያስመካ አይደለም፤ በስያሜ ታሪክ ግን ቦታ አለው።

ከዚህ ተነሥተን ሁለት ስያሜዎችን እናቀርባለን። የተቀረጸ ድምፅ ያለው ሁሉ «ባለድምፅ ፊልም»፣ ከእነዚህም መካከል የተዋንያኑ ንግግር የሚሰማበት «ባለንግግር ፊልም» ይባል። ባለንግግር ሁሉ ባለድምፅ ነው፤ ባለድምፅ ሁሉ ግን ባለንግግር አይደለም። «የጃዝ ዘፋኙ» «በከፊል ባለንግግር» ይሆናል። «ድምፃዊ ፊልም» ለሚለው ያላደላነው በአማርኛ ድምፃዊ ማለት ዘፋኝ ስለሆነ ነው፤ ለአል ጆልሰን እንጂ ለፊልሙ አይስማማም። «ተናጋሪ ፊልም» የሚለው ከዐረብኛው «ናጢቅ» ጋር የሚመሳሰል፣ ለጋዜጣ የሚያምር ቃል ቢሆንም፣ ሙዚቃ ብቻ ያለውንም በልማድ ወደ ራሱ ስለሚጠቀልል ለሙያ ጽሑፍ አይመረጥም።

ይህ ክፍፍል ሥራ ላይ ሲውል የሚፈተነው በቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» ነው። ፊልሙ የወጣው በ1931፣ የአሜሪካ ሲኒማ ወደ ንግግር ከዞረ በኋላ ነበር። ቻፕሊን ሙዚቃውን ራሱ ደርሶ በፊልሙ ላይ አስቀርጿል። በመክፈቻው ሐውልት የሚመርቁት ታላላቅ ሰዎች ንግግር ሲያደርጉ የሚሰማው የጥሩምባ ጩኸት የመሰለ ትርጉም አልባ ድምፅ ነው። ቆየት ብሎም ምስኪኑ ሰውዬ ፊሽካ ይውጥና ስቅ ባለው ቁጥር ሆዱ ያፏጫል። በድምፅ ካልሆነ ይህ ቀልድ ከቶ አይገኝም። ታዲያ ይህን ፊልም «ድምፅ አልባ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የቻፕሊንን ፌዝ ከነጭራሹ ያጠፋዋል፤ ሰውየው የተሳለቀው በድምፅ ላይ ሳይሆን በንግግር ላይ፣ መሣሪያውም ድምፅ ነውና። «ባለድምፅ፣ ንግግር አልባ ፊልም» ቢባል ግን ነገሩ በትክክል ይገለጻል።

በዚህ አጋጣሚ ምስልና ድምፅ እኩል መሄዳቸውን የሚገልጽ ቃልም ያስፈልጋል። ቫይታፎን በተባለው የዋርነር ዘዴ ድምፁ የሚቀረጸው በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ በሚዞር ትልቅ ሸክላ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ሸክላ ለአንድ ጥቅል ፊልም፣ ማለትም ለ11 ደቂቃ ያህል ይበቃል። መርፌው ከዘለለ፣ ወይም የተበጠሰ ፊልም ሲቀጠል ጥቂት ምስሎች ከጎደሉ፣ አፍና ቃል ይለያያሉ። ለዚህ «መናበብ» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። ሙዚቀኞች እርስ በርሳቸው ሲደማመጡና ሲገጥሙ ተናበቡ ይባላል፤ በግእዝ ሰዋስውም ተናባቢ ቃላት አሉ። ስለዚህ ድምፅና ምስል ይናበባሉ፣ ባለሙያው ያናብባቸዋል፣ ሸክላው ሲዘል መናበባቸው ይፈርሳል።

ንግግር መምጣቱ ተርጓሚውንም የሲኒማ ባለሙያ አድርጎታል። ድምፅ አልባው ፊልም አገር ሲለውጥ መሐል ጽሑፉን ቆርጦ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈውን መቀጠል ይበቃ ነበር። ተዋናዩ በአንደበቱ መናገር ሲጀምር ግን ይህ መንገድ ተዘጋ። በሕንድ በመጋቢት 1931 በቦምቤይ የታየው «ዓላም አራ» የአገሩ የመጀመሪያ ባለንግግር ረጅም ፊልም ሆነ፤ ወዲያውም ያ ሁሉ ቋንቋ ያለበት አገር በየትኛው ይናገር የሚል ጥያቄ ተነሣ። አምራቾች በመጀመሪያ የሞከሩት መፍትሔ ዛሬ የሚገርም ነው፤ አንዱን ፊልም በየቋንቋው ደጋግሞ መሥራት። የሽተርንበርግ «ሰማያዊው መልአክ» (1930) በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ተሠርቷል። በ1930 ዩኒቨርሳል ቶድ ብራውኒንግ ቀን «ድራኩላ»ን በእንግሊዝኛ ሲያዘጋጅ፣ ሌሊት ደግሞ በዚያው ስፍራ ጆርጅ ሜልፎርድ ከሌሎች ተዋንያን ጋር በስፓኝኛ ያዘጋጅ ነበር። ሎሬልና ሃርዲ በማያውቋቸው ቋንቋዎች፣ በድምፁ አምሳል የተጻፈላቸውን እያነበቡ ተጫውተዋል። ይህን ሥራ «ቅጂ» ማለት አይቻልም፤ ቅጂ ከዋናው የተገለበጠ ነው። «ትርጉም»ም አይደለም፤ ተዋንያኑ፣ አዘጋጁ፣ አንዳንዴም የምስሉ አወሳሰድ ተለውጧል። «ትይዩ ዝግጅት» የሚለው ስም ይበቃዋል እንላለን።

ትይዩ ዝግጅት ወጪው ከባድ ስለ ነበረ ብዙ አልቆየም፤ ቦታውን «የግርጌ ጽሑፍ» እና «ድምፅ መተካት» ወረሱት። ሁለተኛው ለእኛም የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የቋንቋው አጠቃቀም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ በአብዛኛው በ«ትርጉም» ስም መካሄዱ ግን ነገሩን ያደበዝዘዋል። ቃሉን ወደ አማርኛ የመለሰው አንድ ሰው፣ ድምፁን የሰጠው ሌላ ሰው ነው፤ ስሕተቱም ምስጋናውም የየራሳቸው ነው።

ሁለቱን ለይቶ ለማየት የሂችኮክ «ብላክሜይል» (1929) ጥሩ ማስረጃ ነው። ድምፅ አልባ ሆኖ ተጀምሮ ባለንግግር እንዲሆን ሲወሰን፣ መሪ ተዋናይቱ አኒ ኦንድራ የቼክ ተወላጅ በመሆኗ አነጋገሯ ለለንደን ልጅ አልመች አለ። ድምፅን ከቀረጻ በኋላ የመተካቱ ዘዴ ገና ስላልተደላደለ፣ ጆን ባሪ የተባለች ተዋናይት ከካሜራው እይታ ውጭ ቆማ ስትናገር ኦንድራ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። እዚህ ላይ ድምፅ ተተክቷል፤ የተተረጎመ ግን አንድም ቃል የለም።

ይኸው ፊልም ለግርጌ ጽሑፍ አዘጋጅም ከባድ ፈተና አለው። ልጅቱ ክብሯን ሊደፍር የመጣን ሰው በቢላ ገድላ ባደረች ማግስት ከቤተሰቧ ጋር ለቁርስ ተቀምጣለች። አንዲት ወሬኛ ሴት ስለ ግድያው ታወራለች። የሴትዮዋ ንግግር ቀስ በቀስ ወደማይለይ ጉርምርምታ ይለወጥና «ቢላ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ እየደጋገመ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በመጨረሻም እንደ ጩኸት ሲመጣባት ዳቦ ልትቆርጥበት የያዘችው ቢላ ከእጇ ያመልጣል። የምንሰማው በልጅቱ ጆሮ ነው፤ ንግግር የነበረው ድምፅ ሆኗል፣ ከንግግሩ የተረፈው አንድ ቃል ብቻ ነው። የድርሰቱን ጽሑፍ ይዞ የሚሠራ ተርጓሚ የሴትዮዋን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በግርጌ ለማስፈር ይፈተናል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ልጅቱ ያልሰማችውን ያነባል። በዚህ ስፍራ በግርጌ መጻፍ ያለበት፣ በተሰማ ቁጥር፣ «ቢላ» ብቻ ነው።