ሽቦው ነውን ወይስ የተተወው ኪኒን? (ስለ ልብ ሕመምና ስለ ስትሮክ በራዲዮ የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ሳምንት በራዲዮ ያሰማነው ንግግር በጽሑፍ ወጥቶ ለማስታወሻ እንዲሆናቸው ብዙ አድማጮች ስለ ጠየቁን፥ እነሆ ከዚህ በታች እናቀርበዋለን። ጉዳዩ የቤተ ሰብን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰውን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ፥ በጥሞና እንድታነቡት በትሕትና እናሳስባለን።

በምኖርበት በኃይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ጎረቤት አሉኝ። ረዥም ዘመን በመዝገብ ቤት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። የሚኖሩት በጋራ መኖሪያ ቤት በአራተኛው ፎቅ ላይ ሲሆን፥ ደረጃውን በወጡ ቍጥር ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸው፥ ቆም ብለው ሲያርፉም ይተዋቸው ነበር። ልጆቻቸው ያላቸውን አዋጥተው፥ የዕቁብ ገንዘብም ጨምረውበት፥ ወደ ውጭ አገር ላኳቸውና በልባቸው የደም ሥር ውስጥ ስቴንት የሚባለው የሽቦ መረብ ገባላቸው። ሲመለሱ ደረጃውን ያለ ሕመም ስለ ወጡት ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው። እርሳቸው ግን «ከዳንሁ ዘንድ ኪኒን ምን ያደርግልኛል?» ብለው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ተዉት።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከቈየ በኋላ፥ አንድ ቀን ማለዳ ቡና ሊጠጡ ያነሡት ስኒ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ስትሮክ ነበር። ሆስፒታል በደረሱ ጊዜ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን መዝገብ ሲጽፍ የኖረው እጅ ዛሬ ፊርማ ለመፈረም እንኳ ይቸገራል።

ሰፈሩም «ሽቦው ነው የመታቸው» ብሎ ፈረደ። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ዓይነት የደረት ሕመም ተይዘዋል። አንዱ ዘመድ «ቤትህን ሸጠህ ወደ ውጭ ሂድ» ይላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «የወንድምህን ነገር አይተህ ከሽቦ ራቅ» ይላቸዋል። አንድ ምሽት ወደ ቤቴ መጥተው፥ «ልጄ፥ አንተ በራዲዮ የምትናገር ሰው ነህና እስቲ ንገረኝ፤ ሽቦው ይገድላል ወይስ ያድናል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ሐኪሞች መርምረው የጻፉትን አንብቤ ያገኘሁትን ለእርሳቸውና ለእናንተ ማስረዳት ይገባኛል።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም የምታድል ስትሆን፥ ራስዋም የምትመገብባቸው የደም ሥሮች አሏት። በዕድሜ፥ በደም ግፊት፥ በስኳር በሽታ፥ በትምባሆና በደም ውስጥ ባለ ስብ ምክንያት የእነዚህ ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በጠባቡ መንገድ የሚያልፈው ደም ይበቃዋል፤ ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጣ ግን አይበቃውምና ደረቱ ይጨነቃል። ሕመሙ በድካም ጊዜ እየመጣ በዕረፍት የሚለቅ፥ ከወር እስከ ወርም ጠባዩን የማይለውጥ ከሆነ፥ ሐኪሞች «የተረጋጋ የልብ ሕመም» ይሉታል። ድንገተኛው የልብ ድካም ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የወፈረው ግድግዳ ተሰንጥቆ በላዩ ላይ ደም ሲረጋና መንገዱን ፈጽሞ ሲዘጋው የሚደርስ ነው።

ስትሮክ ደግሞ በአንጎል ላይ የሚደርስ አደጋ ሲሆን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ሲዘጋው፥ ሁለተኛው የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ወደ አንጎል ሲፈስ ነው። ለሁለቱም ቀንደኛው ጠላት ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። እንግዲህ የልብንም የአንጎልንም ሥሮች የሚያበላሸው ጠላት አንድ ስለ ሆነ፥ ልቡን የታመመ ሰው ስለ አንጎሉም ሊያስብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተባለ ሐኪም በዙሪክ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም.፥ በጫፉ ፊኛ ያለበት ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አሳልፎ ጠባቡን ቦታ በፊኛው በመንፋት ከፈተው። የተከፈተው ሥር ግን አንዳንድ ጊዜ መልሶ ይጠብ ስለ ነበር፥ በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይና በስዊስ ያሉ ሐኪሞች ሥሩን ደግፎ የሚይዝ የሽቦ መረብ በሰው ልብ ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ስቴንት የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ደረት ሳይከፈት፥ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት በሚገባ ቱቦ ይሠራል።

ለመሆኑ ይህ ሥራ ስትሮክ ያመጣልን? ቱቦው ወደ ልብ የሚደርሰው በትልቁ የደም ሥር በኩል ነው፤ ወደ አንጎል የሚወጡት ሥሮች የሚነሡትም ከዚያው ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲያልፍ ከግድግዳው ፍርፋሪ ተላቆ ወይም ትንሽ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ግን ከሺሕ ሰዎች መካከል ከ1 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ያህል ነው፤ ሲደርስም አብዛኛውን ጊዜ በሥራው ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀኖች ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ በሽቦው ላይ ደም እንዳይረጋ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬልን የመሰሉ ሁለት መድኃኒቶች ለተወሰነ ወራት አብረው ይሰጣሉ። እነዚህ መርጋትን ሲከላከሉ መድማትን በጥቂቱ ይጨምራሉና፥ የሚወስዳቸው ሰው የደም ግፊቱን ችላ ቢል በራሱ ላይ አደጋ ይጠራል። ያለ ሐኪም ፈቃድ ቢያቋርጣቸው ደግሞ ሽቦው በድንገት ሊዘጋ ይችላል።

ሽቦና መድኃኒት ጎን ለጎን ተመዝነው ያውቃሉን? አዎን፥ ተመዝነዋል። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታተመው «ካሬጅ» የተባለ ጥናት የተረጋጋ የልብ ሕመም ያለባቸውን 2,287 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ስቴንትና የተሟላ መድኃኒት፥ ለሌላው ወገን የተሟላ መድኃኒት ብቻ ተሰጠ። አራት ዓመት ተኩል ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ፥ በሞትም በልብ ድካምም ሁለቱ ወገኖች አልተበላለጡም። ስትሮክ የደረሰባቸው ስቴንት ከገባላቸው ከመቶ 2.1፥ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 1.8 ሆኑ፤ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ልዩነት እንጂ ፍርድ የሚሰጥበት አይደለም። በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመውና 5,179 ሕሙማንን የያዘው «ኢስኬሚያ» የተባለው ታላቅ ጥናትም ወደዚያው መደምደሚያ ደረሰ። በዚህኛው አንደኛው ወገን እንደ ሁኔታው ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ በሞትም በስትሮክም ጉልህ ልዩነት አልታየም። ደረታቸው አዘውትሮ ያመማቸው የነበሩት ግን ከመድኃኒቱ ብቻ ይልቅ በዚህ ሕክምና የበለጠ ዕፎይታ አግኝተዋል።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ሽቦው ጎረቤቴን ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ መታቸው ለማለት ማስረጃ የለም። ነገር ግን ሽቦው ከስትሮክ ሊጠብቃቸው አይችልም ነበር። ሽቦ የሚከፍተው አንድ ጠባብ ቦታ ነው፤ በሽታው ግን በሰውነት ሥሮች ሁሉ ነው። የፈሰሰውን ቤት በአንድ ቆርቆሮ ጠግኖ የቀረውን ጣራ እንደ መርሳት ይሆናል። ጣራውን ሁሉ የሚጠብቀው የየዕለቱ ኪኒን ነው። የላይኛው የደም ግፊት በ10 ቁጥር ዝቅ ሲል የስትሮክ አደጋ በአራተኛ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። የደምን ስብ የሚቀንሱት ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶችም ለልብም ለአንጎልም ይጠቅማሉ።

ይህ በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ ከመቶ ዐዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የደም ግፊት ግን አያምም፤ የማያምም ጠላት ደግሞ ይናቃል። ማለዳ ከኃይሌ ጋርመንት ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ ለመድረስ በሰልፍ የሚቆም፥ ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ሲሠራ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ ክንዱን ለመለካት የሚያጠፋው ዐሥር ደቂቃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በወጡ፥ በሽሮውና በሚጥሚጣው ያለውን ስንደምር ብዙዎቻችን ልኩን እናልፋለን።

ሽቦ ጥቅም የለውም አላልሁም። የተሟላ መድኃኒት ተወስዶ ሕመሙ ካልለቀቀ፥ ዋናው የግራ የልብ ሥር ከጠበበ ወይም የልብ ጉልበት በጣም ከደከመ፥ ጉዳዩ ሌላ ስለ ሆነ ሐኪሙ የሚለውን መስማት ይገባል። ደረት ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ አጥብቆ ቢይዝና ባይለቅ ግን ድንገተኛ የልብ ድካም ሊሆን ስለሚችል አንዲት ሰዓት እንኳ መዘግየት አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ሽቦ ሕይወትን ያድናል። ደግሞም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ በር በሽታ ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ፥ ይህ ንግግር እርሱን አይመለከትም።

ስለዚህ የተረጋጋ ሕመም ያለበት ሰው ቤቱን ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ሕመሜ የተረጋጋ ነው ወይስ ድንገተኛ? ስቴንቱ የሚገባልኝ ዕድሜዬን ለማርዘም ነው ወይስ ሕመሜን ለማስታገሥ? መድኃኒቱ በሙሉ ልኩ ተሞክሮልኛልን? ስቴንት ቢገባልኝስ የትኞቹን መድኃኒቶች፥ ለምን ያህል ጊዜ እወስዳለሁ?

ምልክቱንም ሁላችን እንወቅ። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፥ አንድ እጅ ከዛለ፥ ወይም ንግግር ከተኰላተፈ፥ ስትሮክ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። ለሕመምተኛው ምግብም አስፒሪንም ሳይሰጡ፥ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጠርቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለ ሆነ፥ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት አስታውሶ ለሐኪሙ መንገር እጅግ ይጠቅማል።

ለታናሽ ወንድማቸው ይህን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ፥ በማግሥቱ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ። ለጊዜው መድኃኒቱ በሙሉ ልኩ እንዲሞከር ተስማሙ፤ ቤቱም አልተሸጠም። ታላቅ ወንድማቸውም ዛሬ ኪኒናቸውን በግራ እጃቸው እያነሡ በየማለዳው ይውጣሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። እናንተም፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ ኪኒን የታዘዘላችሁ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ሳትውጡ አትተኙ፤ ግፊታችሁን ለክታችሁ የማታውቁም እንደ ሆነ ሳምንቱ ሳያልፍ ተለኩ።