«ደም ብዛት» ደም ስለበዛ አይደለም



ሰሚስተሩ አልቆ ከወልድያ ወደ ቤተሰብ ስጓዝ፣ የእናቴን ታላቅ እህት ልጠይቅ ውርጌሳ ላይ ወረድኩ። አክስቴ ደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኗል። «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ተሽሎኝ ተውኩት። ዋግምት ታግሜ የበዛው ደም ወጣልኝ» አሉኝ። ራስ ምታት የለባቸውም፣ ቤታቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ። በማግስቱ ለምነን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ላይኛው 176፣ ታችኛው 104 ሆነ።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። በሰፈራችን በሽታው «ደም ብዛት» ስለሚባል ሰው ሁሉ ደሙ በዝቶ ከሰውነቱ የተረፈ ይመስለዋል። ከሲታ ሰው «እኔ ምን ደም አለኝና» ብሎ አይለካም። በሽታው ግን ደሙ በሚሄድበት የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከልክ ማለፉ ነው። ትናንሾቹ የደም ሥሮች ሲጠቡና ሲደድሩ፣ ኩላሊትም ጨውና ውሃ አላስወጣ ሲል፣ ልብ ያንኑ ደም በበለጠ ኃይል ለመግፋት ትገደዳለች። ትንሽ ደም ቢወጣ ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ፈሳሹን መልሶ ይተካዋል፤ የጠበበው የደም ሥር ግን እንደጠበበ ነው። ሒጃማ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና የታወቀ ስለሆነ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን መታከምን ያዘዙንም እሳቸው ናቸው፤ የታገመ ሰው ክኒኑን ያቁም የሚል ነገር የለም።

ሁለተኛው ስህተት «ተሽሎኛል» የሚለው ነው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። በአገራችን በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ ወደ 16 የሚሆነው ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ክኒኑ እንደ ወባ መድኃኒት ተወስዶ የሚያልቅ አይደለም። ግፊቱ የወረደው ክኒኑ ስላወረደው ነው፤ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። እስከዚያው ግን ሳይሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል፤ አንድ ቀን ደግሞ ስትሮክ ይሆናል።

ክኒን የሚያቋርጥ ሁሉ ደግሞ ቸልተኛ ነው ማለት አይደለም። ከ2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን በያዘበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው የስኳርና የግፊት ሕሙማን ያለ መድኃኒት ከርመዋል። ያኔ አቋርጦ «እነሆ አልሞትኩም» ብሎ በዚያው የቀረ ሰው አለ። ሌላው የሚያቋርጠው በጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ሐኪም ከተነገረው በሌላ ይቀይረዋል። እህቶች፣ ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የምትወስድ ዘመድ ካለቻችሁ እርግዝና ሳታስብ ገና ለሐኪም ትንገር። ወገቤን አመመኝ ብሎ ዲክሎፌናክ ማዘውተርም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ምግባችን ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ጨው ነው። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይመከራል፤ ይህም ለጥ ብሎ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ ቤት ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ገጠር ከሄድን ቡናውም በጨው ነው! ስለዚህ «ወጥ ላይ ቀንሱ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከበርበሬ ውስጥ ጨው መልቀም አይቻልምና። እናቶቻችን በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨው እንዳያስገቡበት፣ ድስቱ ላይ ብቻ ጥቂት አዮዲን ያለው ጨው እንዲጨምሩ ብንነግራቸው የበለጠ ይጠቅማል። በመርሳ በኩል የሚያልፍ ሰው ለቤተሰቡ ብስኩት ከሚገዛ ፍራፍሬ ቢይዝ ይሻላል፤ ኩላሊቱ የታመመ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጫትን በተመለከተ ሸሪዓዊ ፍርዱን ለዑለማዎቻችን ትቼ፣ ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ እንደሚያደርግ ብቻ ልናገር። ለፈተና ብሎ የሚቅምም ይህን ይወቅ።

ቤተሰብ ስታስለኩ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቡና ወይም ጫት ያልቀመሱ፣ ሽንታቸውን የሸኑ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው አምስት ደቂቃ ያረፉ ይሁኑ። ክንዳቸው በልብ ትይዩ ይቀመጥ፤ እየተለኩ አያውሩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ነው። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ረመዳን ላይ ብዙ አረጋውያን «ጾም ነው» ብለው ክኒኑን ወሩን ሙሉ ይተዋሉ። ግፊቱ የተስተካከለለት ሰው በአብዛኛው መጾም ይችላል፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ይዛወራል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ይቀየር እንደሆነ፣ ሽንት የሚያበዛው እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለው በስንት ሰዓት እንደሚሆን ግን የሚወስነው ሐኪም ነው። ስለዚህ ሻዕባን ላይ ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ሐኪም አትጹም ካለው ደግሞ አላህ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ አለለት።

አክስቴ አሁን አምሎዲፒናቸውን ከዒሻ ሶላት በኋላ ይወስዳሉ። መድኃኒቱን የሚያወጡት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸው ነው። ልጃቸው በየወሩ ልኬቱን በስልክ ይልክልኛል፤ የመጨረሻው 138 በ86 ነበር። ቡናው ላይ ያለውን ጨው ግን ገና አልተውትም።