ነፃ ነው ሲባል ስለሚፈረመው የዩኒቨርሲቲ ዕዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወደምትገኘው ወደ ዲላ ከተማ በቡና ለቀማ ወራት የሄደ ሰው፣ በመናኸሪያው ሁለት ዓይነት ጭነት አይቶ ይመለሳል። አንደኛው የቡናው ጆንያ ነው። ሁለተኛው ወደ ዩኒቨርሲቲ የተጠሩ ልጆች የሚሸከሙት ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ነው። ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎ ወይም ከቡሌ ልጁን ሊሸኝ የመጣ አባት የመሳፈሪያውን ከፍሎ፣ ለኪስ የሚሆን ጥቂት ብር ጨብጦ፣ «ከእንግዲህ መንግሥት ያስተምራታል» ብሎ ልቡን አሳርፎ ወደ ቡናው ይመለሳል።

መንግሥት ማስተማሩስ እውነት ነው። ነገር ግን አባትየው ያልሰማው፣ ልጅቱም ብትሆን ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የምታልፈው አንድ ወረቀት አለ። ይኸውም ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» እያሉ የሚጠሩት የወጪ መጋራት ውል ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በተማሪነቱ ዘመን ይህንኑ ውል ከሰልፉ ላለመውጣት ሲል ሳያነበው የፈረመ በመሆኑ፣ በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደፍርም።

ትምህርቱ ነፃ ነው የሚለው እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ለተማሪው ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም ያለ ክፍያ ይሰጠው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛውም በመምህርነት ተመደበ። ያን ጊዜ ተማሪው ለሀገሩ የሚመልሰው ነገር ቢኖር በድካሙ እንጂ በገንዘብ አልነበረም።

ይህ የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅና እርሱን ተከትሎ በወጣው ደንብ ነው። ሥርዓቱ ሲቋቋም ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን እንዲሸፍን ተወሰነ። ክፍያው ግን በመግቢያው በር ላይ አይጠየቅም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እጁ በአሠሪው እየተቆረጠ ለመንግሥት ይገባል። አውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው አሠራር ጋር ይቀራረባል።

የዚህ ሥርዓት ደግነቱ ግልጽ ነው። ገንዘብ የሌለው የገበሬ ልጅ፣ ገንዘብ ካለው የነጋዴ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ እንዲማር ያስችለዋል፤ ለዋስትናም ቤት ወይም መሬት አስይዝ አይባልም። ይሁን እንጂ ዕዳ ምንጊዜም ዕዳ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂው ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣና ዋናውን ዲግሪ የሚቀበለው ሂሳቡን ጨርሶ የጨረሰበትን ወረቀት ሲያመጣ ነው። ወደ ውጭ ሀገር ለመማር ዕድል አግኝቶ ማስረጃው እንዲላክለት በጠየቀበት ቀን ገና ይህን የሚሰማ ብዙ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ምግቡ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ዓመታት 15 ብር ሆኖ ቆይቶ ወደ 22 ብር ከፍ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ። በ22 ብር ሦስት ጊዜ መመገብ ምን ማለት እንደ ሆነ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ስለሚያውቀው ጭማሪው ተገቢ ነው። ነገር ግን የምግቡ ወጪ በውሉ መሠረት የተማሪው ዕዳ ከሆነ፣ ሂሳቡን መሥራት አያስቸግርም። በዓመት 300 ቀን የተመገበ ተማሪ በ22 ብር ሂሳብ 6,600 ብር፣ በ100 ብር ሂሳብ ግን 30,000 ብር ይመዘገብበታል። ዛሬ አራት ዓመት የምትማር ልጅ ታላቅ ወንድሟ የከፈለውን አስባ ከፈረመች ትሳሳታለች።

ለዲላ ይህ ነገር የተለየ ትርጉም አለው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን ቻለ። የወጪ መጋራቱ ሥርዓት ሲወጣ ደግሞ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎች በገንዘብ ፈንታ በማስተማር አገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። እንግዲህ ልጅቱ መምህርት ለመሆን ካሰበች ውሉን ከመፈረሟ በፊት ለሬጅስትራሩ የምታቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድ ዛሬ ለእኔ የትምህርት ክፍል ይሠራል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ምግቡን በካፌ ከመብላት ይልቅ በገንዘብ የሚወስዱ፣ «ነን ካፌ» የሚባሉ ተማሪዎችም ያ ገንዘብ ስጦታ አለመሆኑን ይወቁ።

ውሉ የማይሸፍነው ደግሞ ብዙ ነው። ሳሙናው፣ የፎቶ ኮፒው፣ የስልኩ፣ ከሁሉም በላይ መጓጓዣው የቤተሰብ ነው። የጌዴኦ ልጅ በምደባ ጅማ ወይም አሶሳ ሊደርሰው ይችላል። ለቡና ገበሬ ገንዘብ የሚገባው በለቀማው ወራት ነው፤ የልጁ ፍላጎት ግን በግንቦትም አለ። ስለዚህ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ በቅናሽ ተስማምቶ ብድር የሚወስድ አባት አይታጣም። ከዚህ ይልቅ ዕቁብ መጣል ይሻላል እንላለን። የምር ለተቸገረች ሴት ተማሪ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሥርዓተ ጾታው ቢሮ በኩል ለኪስ የምትሆን ድጋፍ ትገኛለች። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ከቤት ሲወጡ አጽፎ መያዝ እንጂ ከአሶሳ ሆኖ ማስላክ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪ ለሚፈልጉት ነገሩ ይለያል። ብዙዎቹ የሚማሩት በመሥሪያ ቤታቸው ወጪ፣ ተመልሰው ለማገልገል ውል ገብተው፣ ወይም ከኪሳቸው ከፍለው ነው። የማይመለስ ርዳታ በብዛት የሚገኘው ከውጭ ነው። የአሜሪካው ፉልብራይት፣ የጀርመኑ ዳአድ፣ የእንግሊዙ ቺቭኒንግና የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ በየዓመቱ ኢትዮጵያውያንን ይቀበላሉ። ቺቭኒንግ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተማረውም ወደ ሀገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። ፉልብራይትም ቺቭኒንግም ለማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍሉም። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ በዲላ ቡና ቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ የሚጨርሰው የገበሬውን ገንዘብ ነው።

ወደ መናኸሪያው እንመለስ። አባትየው ልጅቱን ሲሸኝ ሁለት ነገር ቢያስታውሳት ይበቃዋል፤ በየዓመቱ የምትፈርመውን ውል ከመፈረሟ በፊት የገንዘቡን መጠን እንድታነብ፣ አንዱንም ቅጂ ወደ ቤት እንድትልክ። ቅጂውን የቡናው ደረሰኝ ከሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ሊያኖረው ይችላል።