ቡችላ ሲያስለውና ሆዱ ሲነፋ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ውሻ ለገበሬና ለከብት ጠባቂ የታመነ ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ እንዳይገባ፣ ሌባም ወደ ጎተራው እንዳይቀርብ የሚከለክል እርሱ ነው። ዛሬ ቡችላ የሆነው ነገ ጠባቂ የሚሆን ነውና፣ ሲታመም ቸል ማለት ጉዳት አለው። ከዚህም በላይ ከቡችላ ወደ ሰው፣ ይልቁንም ወደ ሕፃናት የሚተላለፍ ደዌ አለ። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹም፣ ሰፊ ግቢና ብዙ ቤተ ሰብ ያለው ባለቤትም ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ምልክት እንዲህ ነው። ቡችላው የሚበላው ሳያንሰው ይከሳል፤ የጠጉሩ ወዝ ይጠፋል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ አንድ ጊዜ ያስቀምጠዋል፣ አንድ ጊዜ ያስታውከዋል። በዚያውም ላይ ያስለዋል፤ ትንፋሹም ይፈጥናል። ባለቤቱ ሳሉን የብርድ፣ የሆዱን መነፋት የምግብ አድርጎ ሁለቱን ለየብቻ ያስባቸዋል። ነገር ግን የሁለቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም ወስፋት ነው።

በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ የኖረው የወስፋት እጭ እናቲቱ ባረገዘች ጊዜ ይነቃል፤ በእርግዝናዋም መጨረሻ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ከወለደችም በኋላ በወተቷ ይተላለፋል። ስለዚህ ቡችላው አፈር ሳይልስ፣ ገና ከማኅፀን ሳለ ደዌው ይይዘዋል። እጩ በጉበት በኩል አልፎ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ቡችላውን የሚያስለውና የሚያስለከልከው ያን ጊዜ ነው። ከሳንባም ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ተመልሶ ይዋጣል፤ ወደ አንጀትም ወርዶ ያድጋል። ያደገው ወስፋት እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በዝቶ የተተበተበ እንደ ሆነም አንጀትን እስከ መዝጋት ይደርሳል።

ሴቲቱ ወስፋት በቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ሲቆይ ሌላውን ለመያዝ ይደርሳል፤ ለዓመታትም ሳይሞት ሊኖር ይችላል። በዚያ አፈር የተጫወተ ሕፃን ጣቱን ወደ አፉ ሲያገባ እንቁላሉን ይውጠዋል። በሰው ሆድ ውስጥ እጩ እንደ ውሻው ወስፋት አያድግም፤ ነገር ግን በጉበትና በሳንባ ይዞራል፤ ወደ ዐይን የገባ እንደ ሆነም ብርሃንን ሊያጠፋ ይችላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ፓይራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል የሚባለው በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ፣ በቡችላው ክብደት ልክ ይሰጣል። ከተወለደ በ2 ሳምንት ተጀምሮ እስከ 8 ሳምንት ድረስ በየ2 ሳምንቱ ይደገማል፤ እናቲቱም አብራ ትታከማለች። አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተው አይበቃም፤ መድኃኒቱ በአንጀት ያለውን ቢያስወጣም ከሳንባ ገና የሚወርደው ይቀራልና።

ይሁን እንጂ ሳልና ተቅማጥ ሁሉ ከወስፋት አይደለም። ዐይኑና አፍንጫው መግል የሚያወጣ፣ የሚያተኩሰው፣ በኋላም የሚያንቀጠቅጠው ቡችላ ዲስቴምፐር ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የዚህ በሽታ ምክንያት ቫይረስ መሆኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሊቅ ሄንሪ ካሬ አስረድቷል። ደም የተቀላቀለበት፣ እጅግ የሚከረፋ ተቅማጥና ብርቱ ትውከት የያዘው ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. የታወቀው ፓርቮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚከላከል ክትባት አለ፤ ከያዙ በኋላ ግን ቫይረሱን ነቅሎ የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት ስለሌለ፣ የታመመው ከሌሎች ውሾች ተለይቶ በሐኪም ይረዳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሌላ ነው። መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተውና ድምፁ የተለወጠ ቡችላ አጥንት ያነቀው ይመስላል። ባለቤቱም አዝኖለት አጥንቱን ለማውጣት እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ይህ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ቡችላው ባይነክስም ለሐጩ በተጫረ ጣት መግባቱ ይበቃል። ስለዚህ አፉን ማንም አይክፈት፤ በተዘጋ ስፍራ ይቀመጥና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። የተነከሰ ወይም ለሐጩ የነካው ሰው ቢኖር ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክትባቱን አይተው፤ ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር የጀመረው ክትባት የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ ሲወሰድ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሐኪም እስኪደርስ ባለቤቱ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ትንፋሽ ያጠረውን ቡችላ ወተት ወይም መድኃኒት በግድ መጋት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋልና። ተኝቶ ሳለ በአንድ ደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ወይም ድዱ የነጣና የጠቆረ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሰው የሕመም ማስታገሻም አይሰጠው፤ ለውሻ መርዝ ነው።

የሹማምንት ድርሻ ግን ከአንድ ግቢ ያልፋል። የውሻ ዓይነ ምድር በየቀኑ ከቤት ደጅ ተጠርጎ ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ እንዲቀበር፣ ልጆችም ከምግብ በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡ በየሰበካውና በየገበያው ማስነገር ይገባል። የእንስሳት ሐኪም የክትባት ቀን ሲቆርጥም ሕዝቡ ውሾቹን ይዞ እንዲወጣ ማድረግ የእነርሱ ሥራ ነው፤ በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ሲከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፊያ ያጣልና።